የአሻንጉሊቱ ታሪክ የማን ሀብት ነው?

የሙርሲ ልጆች ከጭቃ በሬ ሠርተው ይጫወታሉ። አንድ የጂንካ ነጋዴ ይህን በሬ አሻንጉሊት አድርጎ ለገበያ ቢያቀርብና ማስተዋወቂያ እንዲሆነው ኮሚክ ቢያስጽፍለት፣ ታሪኩ የማን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካ ገበያ የሚገኝ ትምህርት አለ።

ፓርከር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1979 «ሮም» የተሰኘ ብረት ለበስ ጀግና አሻንጉሊት ሲያወጣ፣ ማርቭል በፈቃድ ውል ኮሚኩን ማሳተም ጀመረ። ደራሲው ቢል ማንትሎ በእጁ የነበረው ስምና መልክ ነበር፤ ጠላቱንም አገሩንም የፈጠረው እሱ ነው። አሻንጉሊቱ ገበያ አልቀናውም፤ ኮሚኩ ግን እስከ 1986 ድረስ 75 እትም ዘለቀ። ውሉ ሲያበቃ ሀብቱ ለሁለት ተከፈለ። የታሪኩ ሌሎች ገጸ ባሕርያት ለማርቭል ሲቀሩ፣ የሮም ስምና መልክ ከአሻንጉሊቱ ባለቤት ጋር ሄደ። ማርቭል የራሱን እትሞች መልሶ ለማሳተም የሚያስችለውን ስምምነት ያገኘው በ2023 ነው።

በኢትዮጵያም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን የተሳለውን ሥዕልና የተጻፈውን ታሪክ ነው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ደግሞ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ይሆናል። የንግድ ስያሜው የሚመዘገበው በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ስያሜውን አስቀድሞ ማስመዝገብ፣ ደራሲውም የሚፈጥራቸው ገጸ ባሕርያት የማን እንደሚሆኑ በውል ማስፈር ይኖርባቸዋል። በሣጥኑ ላይ የሙርሲ ስም የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ የማኅበረሰቡ ድርሻ ከኅትመቱ በፊት መነጋገሪያ ሊሆን ይገባል።