ልጆችን ይዞ ጣና ዳር መውጣት

የአባቶች አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት መፀው ይለዋል፤ ሰው ደግሞ ጸደይ ይለዋል። ስሙ የፈለገው ይሁንና ልጆቻችሁን ጣና ዳር ልታወጡ ካሰባችሁ አደይ አበባው ሳይረግፍ ውጡ። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹት ወፎችም መግባት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹን ሳትይዙ ብቻችሁን ሄዳችሁ ቦታውን እዩ። ጣና ሞልቶ የሚታየው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ኳስ ሲጠለዝበት የነበረው ሣር አሁን ውኃ ውጦታል፤ ከላይ ለምለም የመሰለው ከሥሩ ረግረግ ነው። ከውኃው ሠላሳ እርምጃ ያህል ፈቀቅ ያለ የዋርካ ጥላ ምረጡ። ዋርካ የምለው ለጥላው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ፍሬ ከያዘ ወፉም ጦጣውም ራሱ ይመጣላችኋል።

ስንቅ ቋጥሩ፤ ጧት 1 ሰዓት ላይ ድረሱ (ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አያስቀምጥም)።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝን ልንገራችሁ። የእህቴን ልጅ ቦቲ ጫማ አልብሼው ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር። እንቁራሪት ሲያባርር ደንገሉ ውስጥ ገባ፤ ውኃው በቦቲው አፍ ገብቶ ሞላው። ጫማውን ገልብጬ አፈሰስኩና በእርጥብ ካልሲው ዋለ። ምን አለበት ብዬ!

ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ መጀመሪያ የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ረጋ ያለውንና ሣር ያለበትን ዳር ነው፤ ልጅም የሚወደው ያንኑ ነው። ትሉ በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ ስትከር፣ ልጅ «ሞቀኝ፣ ልታጠብ» በሚልበት ሰዓት ነው።

በሳምንቱ አስመረመርኩት፤ ምንም የለበትም ተባለና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ለካ ዕንቁላሉ በሰገራ የሚታየው ከወር በላይ ቆይቶ ነው! ልጁ ሆዴን ሲል እኔ ምግብ ነው እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ ለመዋጥ ቀላል ነው፤ ከባዱ የእህቴን ዓይን ማየት ነበር።

ስለዚህ ቦቲ አታልብሱ። ቦቲ ያደረገ ልጅ ውኃ ይደፍራል፤ ሸራ ጫማ ያደረገ ይጠነቀቃል። ውኃ በጀሪካን ከቤት ያዙ፤ የጨቀየ እጅ በጣና አይታጠብም፣ አንዴም ቢሆን። እኔ ደግሞ ነጠላዬን ሣሩ ላይ በቁመቱ ዘርግቼ «ድንበሩ ይሄ ነው» እላቸዋለሁ። ከመቶ «ተመለስ!» ይህ ይበልጣል፤ እንዲያውም ትንሿ ልጅ ራሷ ዘበኛ ሆና ሌሎቹን ትመልሳለች። ድንገት የነካ ካለ ወዲያው አድርቁት፤ በዚያ ግን አትተማመኑ። ቀኑን ጻፉና ለሐኪሙ ንገሩ።

ድንበሩ ከተከበረ የቀረው ጨዋታ ነው። አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ድንገት ቁልቁል የምትወረወረውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ማን ቀድሞ እንደሚያይ አወዳድሯቸው። ጭንቅላቷ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ በጭራሮ የሠራችውን ጎጆ ዛፍ ላይ ካገኛችሁ አታልፉት፤ ትልቅ ሰው ቢቀመጥበት የሚችል ነው። ስም አታስጠኗቸው፤ ምን እየበላ ነው፣ ማንን ፈርቶ ተነሣ ብላችሁ ጠይቋቸው።

ጉማሬ ካላየን ማለታቸው አይቀርም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በዳሩ አትውሰዷቸው፤ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ወንዙን ቁልቁል አሳዩዋቸው፤ ቀን ከቀናቸው ጆሮና አፍንጫው ብቅ ሲል ያያሉ። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ውሎ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ በእሱና በውኃው መካከል የተገኘን ሰው አይምርም። ከ11 ሰዓት በኋላ ዳሩ ላይ አትገኙ።