በራሱ የሚጫነው የድረ ገጽ ፕሮግራም እምቢ ሲል



ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። እናቶቻችን የሠሩት ጀበናና ምጣድ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ይገኛል፤ የሠሪዋን ስም የሚያውቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት ክበባችን የሠሪዎቹን ስምና ሥራ ለገዢ የሚያሳይ ድረ ገጽ ለማቆም ተነሣ። ለዚህም ወርድፕሬስ የተባለውን ፕሮግራም መረጥን፤ ይኸውም በ1995 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2003) የወጣና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

የድረ ገጽ ቦታ የሚያከራዩ ብዙ ድርጅቶች ሶፍታኩለስን የመሰለ ጫኚ ፕሮግራም ለተከራዩ ያቀርባሉ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ቢነኩት ሥራውን ሁሉ በራሱ ይፈጽማል። አንዳንድ ጊዜ ግን እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ ይነካል። ይህ ለችግሩ መድኀኒት አይሆንም።

ሸክላ ሠሪ እንስራዋ በእሳት ውስጥ ቢሰነጠቅባት እሳቱን ብቻ አትወቅስም። በሚገባ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲገባ በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እንደሚሰነጥቀው ታውቃለችና አፈሩን፣ አቦካኩንና አደራረቁን በየተራ ትመረምራለች። እኛም «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው የጫኚውን ሥራ በየደረጃው ልናውቅ ይገባናል። ሥራውም አራት ነው፤ የፕሮግራሙን ፋይሎች በፎልደር ያስቀምጣል፤ ዳታቤዝ ከነተጠቃሚውና ከነፓስወርዱ ይፈጥራል፤ እነዚህን በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የገጹን አስተዳዳሪ ይሰይማል። ሥራው በየትኛው ላይ እንደቆመ የሚጠቁመን የሚወጣው መልእክት ነውና እንዳለ በደብተር መገልበጥ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ መልእክቱ «በፎልደሩ ውስጥ ፋይል አለ» ቢል፣ አስቀድሞ የቆመ ገጽ አለ ማለት ነው። «በላዩ ይተካ» የሚለውን ከመምረጥ በፊት የነበረውን ገልብጦ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። ያለዚያ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የደከሙበት ገጽ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። አዲሱን በሌላ ፎልደር መጫንም ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ዳታቤዝ መፍጠር አልተቻለም ቢል፣ በኪራዩ የተፈቀደው የዳታቤዝ ቁጥር ወይም የማስቀመጫው ቦታ ሞልቶ እንደሆነ በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ መመልከት ነው።

ሦስተኛ፤ ወርድፕሬስ በአብዛኛው የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ወርድፕሬስ 6.6 ከ7.2 በታች በሆነ ፒኤችፒ አይሠራም። እኛን የገጠመን ይኸው ነበር፤ የተከራየነው ቦታ የተዘጋጀው በአሮጌ ፒኤችፒ ነበርና ከመቆጣጠሪያው ገጽ አዲሱን ብንመርጥለት ጫኚው ሥራውን ጨረሰ።

አራተኛ፤ ጫኚው «ተፈጸመ» ብሎ ሳለ ገጹ ባይታይ፣ የዶሜኑ ስም ወደ ተከራየነው ሰርቨር የተመራ መሆኑን እንመርምር። የተለወጠው አመራር በሁሉ ዘንድ እስኪታወቅ እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ መታገሥ እንጂ አጥፍቶ እንደገና መጫን አይጠቅምም።

አምስተኛ፤ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልሁም ቢል፣ በማዋቀሪያው ፋይል የተጻፉትን አራት ነገሮች፣ ማለት የዳታቤዙን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ፓስወርዱንና የሰርቨሩን ስም በሰርቨሩ ላይ ካሉት ጋር እናመሳክር። አንዲት ፊደል ብትሳሳት በሩ አይከፈትም።

ስድስተኛ፤ ገጹ «ፈቃድ የለህም» ቢል የፋይሎቹን ፈቃድ እንይ። እንደ ልማዱ ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ነው። አንዳንዶች ችግሩን ለመገላገል 777 ይሰጣሉ፤ ይህ ግን የቤትን በር ለሌባ ከፍቶ እንደ መተው ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ካልተገኘ ለአከራዩ ድርጅት መጻፍ ይገባል። ደብዳቤውም ሰዓቱን፣ የወጣውን መልእክትና እስካሁን የተሞከረውን ይዘርዝር፤ ፓስወርድ ግን ፈጽሞ አይጻፍበት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ መኪና በራሱ ይሠራል ማለት ሰው ማሰብ ይተው ማለት አይደለም። መልእክቱን አንብቦ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ውጤቱን አይቶ ወደ ሚቀጥለው የሚያልፍ ተማሪ ለሰፈሩ ይተርፋል። ገበያዋን ከቀጨኔ ውጭ ለማስፋት ለምትመኝ እናትም ስሟ የተጻፈበት ገጽ ተከፍቶ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው።