ሌሊት በባሕር ላይ ካሜራ የሚያየውና የማያየው

መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ከሊቢያ የተነሣችና ከ500 በላይ ሰዎች የታጨቁባት አሮጌ ጀልባ ላምፔዱዛ ከምትባለው የኢጣልያ ደሴት አጠገብ ሞተሯ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የደሴቲቱ መብራት ይታያቸዋል፤ እነርሱ ግን ያሉት በጨለማ ውስጥ ነው። እንዲታዩ ብለው ብርድ ልብስ አቃጠሉ። እሳቱ በጀልባዋ ላይ ከፈሰሰው ነዳጅ ጋር ተያያዘ፤ ሰዉም ከእሳቱ ለመሸሽ ወደ አንድ ወገን ሲጋፋ ጀልባዋ ተገለበጠች። ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 155 ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ብርድ ልብስ ነው። ሌሊት በባሕር ላይ ለመታየት እሳት ማንደድ ካስፈለገ፣ ለማየትስ ምን ያስፈልጋል? ዛሬ በብዙ ጀልባዎች ላይ የሌሊት ካሜራ ይተከላል፤ ጨለማውን ቀን ያደርገዋል የሚሉም አሉ። አነጋገሩ ልክ አይደለም፤ ለምን ልክ እንዳልሆነ ግን መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ የገዛ ዓይናችንን እንመልከት። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ በቀን የሚሠሩና ቀለም የሚለዩ ናቸው፤ ሁለተኞቹ በጨለማ ይሠራሉ፤ ቀለም ግን አይለዩም። ከመብራት ወደ ጨለማ የወጣ ሰው እነዚህ ሁለተኞቹ በሚገባ እስኪነቁለት ድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የሚሠሩበት ንጥረ ነገር ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህ ሲጎድል የሚመጣው በሽታ በእኛ አገር ዳፍንት የሚባለው ነው። ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይነካቸው መርከበኞች ሌሊት በመሪው ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት ያበራሉ።

አሁን ብርሃኑን እንመዝነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ትሰጣለች። ሙሉ ጨረቃ ከሩብ ሉክስ እምብዛም አታልፍም። ጨረቃ በሌለችበት በከዋክብት ብቻ በሚበራ ሌሊት ግን ያለን የሉክስ አንድ ሺኛ ገደማ ነው፤ ይኸውም ከቀትሩ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ መሆኑ ነው። ካሜራው ሊሠራ የሚገባው በዚህ ነው። እርሱ ብርሃን አይፈጥርም፤ ከአጨዳ በኋላ ወደ ማሳው ገብቶ ቃርሚያ እንደሚለቅም ሰው የተረፈውን ይለቅማል።

ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው፤ ቅንጣቶቹም እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ሥርዓት ይወርዳሉ። ከካሜራው ነጥቦች አንዱ 10,000 ፎቶን ቢቀበል የቁጥሩ መዋዠቅ 100 ያህል፣ ማለትም ከመቶ አንድ ነው። 100 ፎቶን ብቻ የተቀበለ እንደሆነ ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም ከመቶ ዐሥር ይሆናል። በሌሊት ሥዕል ላይ እንደ አሸዋ ሲንቀጠቀጥ የምናየው ነገር ይህ ነው። ሥዕሉን በኤሌክትሪክ ኃይል ብናጎላው አሸዋውም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙ ፎቶን መሰብሰብ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሌንሱን አፍ በማስፋት፣ ነጥቦቹን በማተለቅ ወይም ካሜራውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ በመተው ነው። ይህ የመጨረሻው በምድር ላይ ለቆመ ፎቶግራፍ አንሺ ይመቸዋል፤ ጀልባ ግን ትወዛወዛለችና የሩቁ መብራት ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የተጎተተ መሥመር ሆኖ ይወጣል። የጀልባ ካሜራ ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰፊ ሌንስና መወዛወዙን የሚያካክስ መሣሪያ ይፈልጋል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥሩው ካሜራ በጨለማም ቀለም ይለያል። በ1965 ዓ.ም. በለንደን የተደነገገው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ መርከብ ሌሊት በግራዋ ቀይ፣ በቀኟ አረንጓዴ መብራት እንድታበራ ያዛል። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ላይ ከታዩን መርከቢቱ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች ማለት ነው። ቀለሙን ያልለየ ሰው መብራት አየ እንጂ መርከቢቱ ወዴት እንደምትሄድ አላወቀም።

ሌላው ዓይነት የሙቀት ካሜራ የሚባለው ሲሆን ሰዎች ሁለቱን ሲያደባልቋቸው ይሰማል። ይህኛው ጨርሶ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ማንኛውም አካል ከሙቀቱ የተነሣ የሚያወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይቀበላል። የሰው ገላ ጨረር የሚበረታው በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ይህ ጨረር በተራ መስተዋት አያልፍም፤ ስለዚህ ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ከጀርማኒየም ይሠራል፤ በመስኮት ኋላ የተቀመጠ የሙቀት ካሜራም የሚያየው መስኮቱን ነው። የመብራትን ቀለም አይለይም፤ በጀልባ ጎን የተጻፈውንም ስም አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ዳሩ ግን በቀዝቃዛ ባሕር ላይ የአንድ ሰው ራስ እንደ ፍም ደምቆ ይታየዋል። ራስ ብቻ ነው የምንለው፣ ውኃው ጨረሩን ስለሚውጠው ከአንገት በታች ያለው ስለማይታይ ነው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ደግሞ በበጋቸው ውኃው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የዋናተኛው ራስና ባሕሩ በሙቀት ሲቀራረቡ ፍሙም ይደበዝዛል። ከጂቡቲ ወደ የመን በሌሊት የሚሻገሩ የአገራችን ልጆች የሚያልፉት በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ራዳርም ቢሆን፣ ትንሽ የእንጨት ጀልባ የምትመልሰው ደካማ ማሚቶ ከማዕበሉ ማሚቶ ጋር ሲቀላቀልበት ይስታታል።

ጭጋግ ለሁለቱም ካሜራዎች ጠላት ነው፤ በሌንሱ ላይ የደረቀ ጨውም እንዲሁ። ከሁሉ የሚገርመን ግን የካሜራው መመልከቻ ራሱ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ደማቅ መመልከቻ ሲያይ ቆይቶ ቀና ቢል፣ በ30 ደቂቃ ያገኘውን የሌሊት ዓይን በጥቂት ሰከንድ ያጣዋል። መሣሪያው ያሳየውን ያህል ያሳውረዋል ማለት ነው። ስለዚህ መመልከቻውን እጅግ አደብዝዞ መያዝ ግዴታ ነው።

ያው የለንደን ደንብ በ5ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም መርከብ በዓይንም፣ በጆሮም፣ ባለው መሣሪያ ሁሉ ዘወትር እንዲጠብቅ ያዛል። ጆሮ መጠቀሱ ዛሬ ያረጀ ነገር ሊመስል ይችላል። በላምፔዱዛው ሌሊት ግን፣ በአቅራቢያው በአንዲት ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ያደሩ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ከሩቅ ድምፅ ሰሙ፤ በመጀመሪያ የባሕር ወፎች ጩኸት መሰላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወፍ አይደለም ብሎ ስላልተወው ወደ ድምፁ ሄዱ፤ 47 ሰዎችንም በዚያች ትንሽ ጀልባቸው ላይ ጎትተው አወጡ።