የቀን ሸለብታ የሌሊቱን እንቅልፍ ዕዳ ይከፍላል?

“ግድ የለም፣ ቀን እተኛዋለሁ!” የምትለዋ አነጋገር ለግቢ ተማሪ እንግዳ አይደለችም። በተለይ የፋይናል ፈተና ሲቃረብ መብራቱ ሳይጠፋ የሚያድር ዶርም ብዙ ነው። አንዱ ተማሪ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሲያነብ ያድርና ጠዋት ክፍል ገብቶ ሲያንጎላጅ ይቆያል፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ይተኛና “በቃ፣ ሒሳቡን ዘጋሁ” ብሎ ይነሣል። ለመሆኑ ሒሳቡ ተዘግቷል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሁለት የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሚማሩ 2,551 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 55.8 ያህሉ የእንቅልፋቸው ጥራት ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

እንቅልፍን የሚጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ የሚጠራቀመው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እሱ በበዛ ቁጥር ዐይናችን ይከብዳል፤ ስንተኛ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው የሰውነታችን ሰዓት ነው። የዚህን ሰዓት አሠራር በዘረመል ደረጃ ያብራሩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ይህ ሰዓት ሌሊት እንድንተኛ፣ ቀን እንድንነቃ ያዘናል። ይሁን እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ንቃታችን ትንሽ ዝቅ ይላል። እኛ ጥፋቱን በሽሮው ላይ እናላክካለን፤ ነገር ግን ምሳ ያልበላ ሰውም በዚያ ሰዓት ይደክመዋል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ያውቀዋል። በእርግጥ የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል።

ሸለብታ የሚሰጠን ጥቅም

እውነቱን ለመናገር፣ ሸለብ ማድረግ ጥቅም አለው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ ረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች በየተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ ተደርጎ ነበር። በአማካይ የተኙት 26 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ካላረፉት ባልደረቦቻቸው ይልቅ እስከ በረራው ፍጻሜ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አጭር ሸለብታ ለጥቂት ሰዓታት ያነቃል፤ ስሜትንም ያስተካክላል። ከሰዓት በኋላ ክፍል ላለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማይሰጠንስ?

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሌሊቱን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጁ ዙሮች ተከፋፍሎ ይሄዳል። ሰውነት የሚጠገንበት ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ይበዛል፤ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት ይረዝማል። ሁለቱም ያነበብነው ነገር በአእምሯችን እንዲረጋ ይረዳሉ። የ20 ደቂቃ ሸለብታ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ሳይደርስ ያልቃል።

“እንግዲያው ለምን ሦስት ሰዓት አልተኛም?” ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ ድንገት የተነሣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይደነዝዛል። ከዚያም በላይ ለሌሊት የሚያስፈልገውን የእንቅልፍ ግፊት ቀን ላይ አውጥቶ ስለሚጨርሰው ማታ 6 ሰዓት ላይ ዐይኑ ፍጥጥ ይላል። በማግሥቱ ደግሞ ቀን ይተኛል። ዕዳውን በአዲስ ብድር እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዕዳው የማይታወቅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካው ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎችን ትኩረት ለክቷል። በመጨረሻ ትኩረታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዶ ተገኘ። ሰዎቹ ግን ይህን ያህል እንቅልፍ እንዳጡ አልተሰማቸውም ነበር። “እኔ እኮ ለምጄዋለሁ” የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

አንድ ሌሊትና የየቀን ልማድ

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ለበዓል ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ካህናት ወይም በሽተኛ የሚያስታምም ሰው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጡ ሰውነታቸው ያገግማል። ቀን ጋደም ማለቱ ለጊዜው ያሻግራል፤ በሚቀጥሉት ሌሊቶች ደግሞ ሰውነት ጥልቁን እንቅልፍ አስቀድሞ ያካክሳል። እያንዳንዱን የጎደለ ሰዓት ቆጥሮ መመለስም አያስፈልግም። ሌሊትን በየቀኑ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሸለብታ አይሞላውም።

ቡናስ? የዘጌን ቡና የማይወድ ባሕር ዳሬ የለም! ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዝበታል እንጂ አያጠፋውም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነታችን ውስጥ ስለሚቆይ የአመሻሹ ስኒ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል።

ይህ ነገር በተለይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ያደርጋል? ለ17 ሰዓታት ያህል በተከታታይ ነቅቶ የቆየ ሰው ትኩረት መጠነኛ አልኮል ከጠጣ ሰው ትኩረት ጋር እንደሚመሳሰል በጥናት ታይቷል። ነገ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ስንገባ የሌሊት ተረኝነት ይጠብቀናል። በዚያ ሰዓት የሰው ስም ማሳሳት ወይም በቁጥር ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ይቅርታ በመጠየቅ ብቻ ላይመለስ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ሸለብ የምንል ከሆነ ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይሁን። ስልካችን ቢቀሰቅሰን መልካም ነው።
2. የፈተናን ንባብ በቀናት እንከፋፍል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል።
3. ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ የምንነሣበት ሰዓት አይዘበራረቅ።
4. ሌሊቱን በቂ ተኝቶ ቀን ሁልጊዜ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

በአጭሩ፣ የቀን ሸለብታ እንደ መክሰስ ነው፤ ራት እስኪደርስ ያቆያል እንጂ ራትን አይተካም። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከሆነ አሁኑኑ መብራቱን አጥፉና ደኅና እደሩ!