አራቱ ዓሦቼ ለምን ሞቱ?

ጥያቄ፦ ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ለልጄ ልደት 40 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝቼ፣ የዚያኑ ቀን ከቧንቧ ሞልቼ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ጨመርኩበት። ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ፤ በሳምንቱ አራቱ ሞቱ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥድፊያው ነው የገደላቸው። ዓሣ ከስንጥቡ አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። በገንዳው ውሃ ማጣሪያ ስፖንጅ ላይ እስኪባዙ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እርስዎ አንድ ቀንም አልሰጧቸውም። በዚያ ላይ የቧንቧው ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃውን ክዳን በሌለው ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ውሃ በፈረቃ ማግኘት ለለመድን ሰዎች ማጠራቀም መቼም አዲስ ሙያ አይደለም።

ለተረፉት ሁለቱ ለጊዜው በየቀኑ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ፣ በጣት ቆንጥረው ብቻ ይስጡ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውሃ እንጂ በቧንቧ አይጠቡት። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ስለሚቆም ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆርቁሩ፤ አየር ይገባል።

ወርቃማ ዓሣ የአዲስ አበባን ብርድ ያለማሞቂያ ይችላል፤ ችግሩ እድገቱ ነው፣ 40 ሊትር ቆይቶ ለአንዱም ይጠበዋል። ትልቅ ገንዳ ካልገዙ ጋፒ የሚባሉ ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ይሻላሉ፤ እነሱ ግን 25 ዲግሪ ገደማ የሚጠብቅ ማሞቂያ ይሻሉ።