አስቤዛችን፣ እጃችንና በረኪናው

በዚህ ወር ዓምዳችን በወረርሽኝ ወቅት ከገበያ የሚመጣ አስቤዛ እንዴት መያዝ እንዳለበት እንማማራለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ የ1441 ረመዷን ሊገባ የቀረው አርባ ቀን ያህል ነበር። ያኔ ቲማቲሙን በኦሞ ያጠቡ፣ ሰላጣውን በረኪና ውስጥ የነከሩ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። በአሜሪካም በግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) ከተጠየቁ 502 አዋቂዎች መካከል 19 በመቶው ምግብ ላይ በረኪና መጠቀማቸውን ተናግረዋል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት መቆየቱ ታየ። ነገር ግን መጠኑ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) እንዳስታወቀው፣ የተበከለ ነገርን አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። እንግዲህ አደጋው ፌስታሉ ላይ ሳይሆን ፌስታሉን ለመሙላት የምንጋፋበት ገበያ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከቤት አንድ ሰው ብቻ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ቢገበይ ከማንኛውም እጥበት ይበልጣል። ሲመለስ አስቤዛውን አስቀምጦ እጁን በሳሙና ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳያስገባ አስተምረውናል። ዉዱእ አለኝ ብሎ ሳሙናውን መተው ግን አይገባም።

አትክልትና ፍራፍሬ በንጹሕ ወራጅ ውሃ እየታሸ ይታጠባል፤ ይኸው ነው። ሳሙና በልጣጩ ውስጥ ሊገባና ሆድ ሊያሳምም፣ ሊያስቀምጥም ይችላል። በአዲስ አበባ ሰላጣና ጎመን በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ ጭምር ስለሚለማ ከኮሮና ይልቅ ታይፎይድና አሜባ ያሳስቡናል። ስለዚህ ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ተነጥሎ ይታጠብ፤ ጎመኑም ይቀቀል። ሐብሐብም ከመቆረጡ በፊት ልጣጩ ይታጠብ፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና።

ዶሮን ደጋግሞ ማጠብ ባህላችን ነው፤ እናቶችን ተዉ ማለት ከባድ ይመስለኛል። ቢያንስ ውሃው እንዳይረጭ ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፣ ለሰላጣ የሚሆነውም ከአጠገቡ ይራቅ። የጥሬ ሥጋ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለቲማቲም አይዋል።

በረኪናው ቦታው ጠረጴዛና የበር እጀታ ላይ ነው። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በተለይ በውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ ከደረሰ አታስመልሱት፤ አፉን በውሃ አጉመጥምጣችሁ ፕላስቲኩን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።