የራዲዮ ውሎ፦ ዜናውን ከድራማው እንለይ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ራዲዮ ነው። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ በመጀመሪያ እነዚህን ቃላት ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ዜና፦ በእርግጥ የሆነ ነገር ሲነገር።
ሐተታ፦ ዜናው ለምን እንደ ሆነና ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳ ንግግር።
ትረካ፦ አንድ ሰው መጽሐፍ እያነበበ ለሰሚ ሲያሰማ።
ድራማ፦ ደራሲ አስቦ የጻፈው፣ ተዋንያን በድምፃቸው የሚጫወቱት ታሪክ።

አሊዩ አምባ የጥንት የገበያ ቦታ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከታጁራና ከሐረር ወደዚህ ይመጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ ሲመጣ ወሬም አብሮ ይመጣል። ብልህ ሰው ታዲያ ወሬ ሲሰማ «ማን አየ? የት ነው? መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ወሬው በራዲዮ ሲመጣም ይኸው ጥያቄ አይቀርም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ማታ ትምህርት ካለቀ በኋላ ራዲዮ ከፍተን ድራማ እናዳምጥ ነበር። በድራማው ውስጥ አንድ ሰው «አንበጣ ወረደ! ማሽላው አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ልክ በዚያ ሰዓት አንድ አባት ከደጅ ገቡ። መጀመሪያውን አልሰሙም። «የት ነው?» ሳይሉ ተመልሰው ወጡ። አይፈረድባቸውም፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ያደረሰውን ጥፋት አልረሱም። በማግስቱ «እህል ሳይወደድ ልሸምት» ብለው ጊደራቸውን በርካሽ ሸጡ። እኛ ነገሩን የሰማነው ጊደሯ ከሄደች በኋላ ነው። እኔም ጥፋት አለብኝ። ተከትያቸው ወጥቼ «አባባ፣ ይሄ እኮ ድራማ ነው» ማለት ነበረብኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በተማሩ አገሮችም ደርሷል። በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦርሰን ዌልስ የሚባል ተዋናይ አንድ ድራማ በራዲዮ አሰማ። ታሪኩ ከሌላ ዓለም ጠላት መጣ የሚል ነው። ድራማው በዜና መልክ ስለ ተሠራ፣ መጀመሪያውን ያልሰሙ አንዳንድ ሰዎች እውነት መስሏቸው ደነገጡ።

እንግዲህ የራዲዮን የአንድ ቀን ውሎ እንመልከት።

ጧት ዜና ይነገራል። ዜና ቦታውን፣ ቀኑንና የተናገረውን ሰው ይገልጻል። ከዜናው በኋላ ሐተታ ሊከተል ይችላል። ሐተታ የሰው አስተያየት ስላለበት፣ መዝኖ መስማት ያስፈልጋል።

በዕረፍት ሰዓት የኪነ ጥበብ ዝግጅት ይመጣል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ተረከው። ማንበብ የማይችለውም ሰው መጽሐፉን በጆሮው አወቀው።

ማታ ደግሞ ድራማ ይኖራል። ድራማ የሆነ ነገር አይደለም ስንል ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በእንግሊዝ አገር «ዘ አርቸርስ» የሚባል የገበሬ ቤተሰብ ድራማ በ1943 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ። ጊዜው ከጦርነት በኋላ ስለ ነበር ምግብ አይበቃም። ድራማው ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ እያጫወተ ያስተምር ነበር። በእኛም አገር «የቀን ቅኝት» የተባለው ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በራዲዮ ተላልፏል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምር ነበር። አድማጮች በሺ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። ልብ በሉ፤ መስማት ጆሮ ላለው ሁሉ ነው፣ መልስ መጻፍ ግን ፊደል ለቆጠረ ነው።

እንዴት እንለይ?

አንደኛ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን እንስማ። ብዙ ጊዜ የዝግጅቱ ስም፣ የደራሲውና የተዋንያኑ ስም የሚነገረው እዚያ ላይ ነው።
ሁለተኛ፣ ከመካከል ከደረስን አብሮ የሚያዳምጠውን «ምንድን ነው የሚባለው?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም።
ሦስተኛ፣ ከብት ከመሸጥ ወይም እህል ከማውጣት በፊት ቀጣዩን ዜና እንጠብቅ። የግብርና ባለሙያውንም እንጠይቅ።
አራተኛ፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት የሚሉትን በደብተር እንጻፍ። የራዲዮ ቃል አንዴ ካለፈ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። የተጻፈ ግን ነገም ይነበባል።

ጊደራቸውን የሸጡት አባት አሁን ከእኛ ጋር ይማራሉ። ራዲዮ ሲከፈት እርሳሳቸውን ያነሳሉ። ባለፈው ሳምንት በደብተራቸው ላይ በትልልቅ ፊደል «ማን አለ?» ብለው ጽፈው አየሁ። እኔ አላስጻፍኳቸውም።

ጥያቄዎች
1. ዜናና ድራማ በምን ይለያያሉ?
2. እኚያ አባት ጊደራቸውን ከመሸጣቸው በፊት ማንን መጠየቅ ይችሉ ነበር?
3. ዛሬ ማታ አንድ ዜና አዳምጡ። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ነገ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።